ቁርጥማት፣ ፍል ውሃና የአያቶቻችን ጉልበት

ለዕረፍት ወደ ቤተሰቡ የሄደ ተማሪ አንድ ነገር ሳያይ አይመለስም። አያቱ ሊስሙት ከመደብ ሲነሡ አስቀድመው ጉልበታቸውን በእጃቸው ይይዛሉ። ጥቂት ቆይተውም ከትራሳቸው ሥር አንድ ጠርሙስ ወይም በጨርቅ የተቋጠረ ዱቄት ያወጡና «ልጄ፣ አንተ ተምረሃልና እስቲ ይህን እየው፤ ለቁርጥማት ይሆናል አሉኝ» ይሉታል። ብዙዎቻችን በዚህ ጊዜ ወይ እንስቃለን፣ ወይ ዝም እንላለን። ሁለቱም መልስ አይደሉም። እኔ የሕክምና ተማሪ አይደለሁም፤ ዳሩ ግን ይህ ጥያቄ በቤቴ ከደረሰብኝ ወዲህ ያነበብሁትንና ሐኪሞችን ጠይቄ የተረዳሁትን ለጓደኞቼ ማካፈል ይገባኛል ብዬ አስቤአለሁ።

በመጀመሪያ ሕመሙ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ቁርጥማት የምንለው ቃል ብዙ ዓይነት ሕመሞችን የያዘ ነው። ከእነዚህ መካከል በሽማግሌዎችና በአሮጊቶች ላይ አዘውትሮ የሚታየው ሐኪሞች ኦስቲኦአርትራይትስ የሚሉት ነው። የአጥንቶቻችን ጫፍ በመገጣጠሚያው ላይ ለስላሳና አንሸራታች በሆነ ልም አጥንት ተሸፍኖአል። ልም አጥንት የራሱ የደም ሥር የለውም፤ ከዚህም የተነሣ አንድ ጊዜ ሲጐዳ እንደ ቆዳ ቁስል ቶሎ አይጠግም። ዕድሜ፣ የቀድሞ ጉዳት፣ የሰውነት ክብደትና የዘር ውርስ ተጨምረውበት ልም አጥንቱ እየሳሳ ሲሄድ ከሥሩ ያለው አጥንት ይደነድናል፤ ዳር ዳሩም ያቈጠቍጣል፤ መገጣጠሚያው ያብጣል፤ በዙሪያው ያሉት ጡንቻዎችም ይደክማሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጸው በ2019 እ.ኤ.አ. በዚህ ሕመም የተያዙት ሰዎች 528 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። ከመቶው 73ቱ ዕድሜያቸው ከ55 ዓመት በላይ ሲሆን ከመቶው 60ዎቹ ሴቶች ናቸው። ከመገጣጠሚያዎችም ሁሉ አብልጦ የሚጠቃው ጉልበት ነው።

የሳሳውን ልም አጥንት ወደ ቀድሞው የሚመልስ መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። እንግዲህ ከሐኪም ቤት የሕመም ማስታገሻ ብቻ ይዘው የተመለሱት አያት ሌላ መንገድ ቢፈልጉ በድንቍርና ነው ማለት አይቻልም። ሌሊቱን እንቅልፍ የነሣቸው ሕመም ነው የሚያስፈልጋቸው።

አሁን የሚፈልጉትን ነገር አንድ በአንድ እንመርምር። የመጀመሪያው ፍል ውሃ ነው። የአዲስ አበባ ከተማ እንኳ በ1879 ዓ.ም. የተቈረቈረችው እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍል ውሃው ሜዳ ወርደው ቤት ካሠሩ በኋላ ነው። ሶደሬንና ወንዶ ገነትንም የማያውቅ የለም። ሙቀት የተኰማተረውን ጡንቻ ያፍታታል፤ ውሃውም ገላን ስለሚያንሳፍፍ ከጉልበት ላይ ሸክም ይቀንሳል። በውሃ ውስጥ ያሉት አያት በደረቅ መሬት ማንቀሳቀስ ያልቻሉትን እግር ያንቀሳቅሳሉ። ልም አጥንቱ አይመለስም፤ እፎይታው ግን እውነተኛ ነው። ስለ ጠበል በሃይማኖት በኩል የሚነገረውን ለሊቃውንቱ ትቼ፣ የታዘዙ መድኃኒቶችን በጠበሉ ምክንያት ማቋረጥ እንደማይገባ ብቻ እናገራለሁ።

ሁለተኛው ወጌሻ ነው። በቅቤ ወይም በዘይት ቀስ ብሎ የሚያሽ ወጌሻ ጡንቻን ያላላል። ነገር ግን የአሮጊት አጥንት የሳሳ ሊሆን ስለሚችል «ላቃናው» ብሎ በኃይል የሚጠመዝዝ እጅ አጥንት ሊሰብር ይችላል። በብረት መተኰስና በምላጭ መብጣት ደግሞ ከሁሉ የከፉ ናቸው። ቁስሉ ይመረቅዛል፤ ከሰው ወደ ሰው የሚዞር ምላጭም የጉበት በሽታንና ኤች አይ ቪን ሊያስተላልፍ ይችላል።

ሦስተኛው ከማጀትና ከገበያ የሚመጣው ነው። እዚህ ላይ የሚያስገርም ነገር አለ። በርበሬን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የሚባለው ንጥረ ነገር በቅባት መልክ ተዘጋጅቶ ለጉልበት ሕመም እንደሚረዳ ታውቆአል፤ ሐኪሞችም ያዝዙታል። ይህ ማለት ግን መጠኑ ያልታወቀ ሚጥሚጣ ወይም የተወቀጠ ፌጦ በጉልበት ላይ አስሮ ማደር ይገባል ማለት አይደለም፤ ቆዳን ያቈስላል።

አራተኛው ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣው ግሉኮሳሚን ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ 1,583 የጉልበት ሕመምተኞች በዕጣ ተከፋፍለው ተመርምረው ነበር። ምንም መድኃኒት የሌለበት ባዶ ክኒን ከዋጡት ከመቶው 60 ያህሉ ተሻላቸው፤ ግሉኮሳሚን ከዋጡት ደግሞ 64 ያህሉ። ልዩነቱ እንደ ምንም የሚቈጠር ስለሆነ የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ግሉኮሳሚንን አትጠቀሙ ብሎ አጥብቆ መክሮአል።

ከነዚህ ቍጥሮች 64ቱን ሳይሆን 60ውን ልብ እንበል። ባዶ ክኒን ስለምን ያን ያህል ሰው ይሻለዋል? አንደኛው ምክንያት ተስፋ ራሱ ሕመምን ስለሚያቀል ነው። ሁለተኛው፣ ይህ ሕመም አንድ ሳምንት እየበረታ፣ አንድ ሳምንት እየቀለለ የሚሄድ ስለሆነ ነው። ሰው መድኃኒት የሚፈልገው ሕመሙ በበረታበት ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ በራሱ ጊዜ ሲቀል ምስጋናው በመጨረሻ ለተወሰደው ነገር ይሆናል። ስለዚህ «ጎረቤቴ ተሻላት» የሚለው ምስክርነት ውሸት ባይሆንም ማስረጃ አይሆንም።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ከመጠን በላይ የሚሠራው መድኃኒት ነው። አያቴ ከአንድ አዟሪ ስም ያልተጻፈበት ክኒን ገዝተው በሦስት ቀን ውስጥ ያለ ምርኩዝ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ቤተ ሰቡ ሁሉ ደስ አለው። ሁለት ወር ሳይሞላ ፊታቸው ክብ ሆነ፤ ደም ግፊታቸውም ወጣ። ሐኪሙ «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብሎ ሲጠይቃቸው «የለም» አሉ፤ ከዚህ ቀደም አንድ ሌላ ሐኪም ስለ ሥራ ሥር በሰው ፊት ተቈጥቶአቸው ስለ ነበር ፈርተው ነው። ክኒኑን ከመቀነታቸው ፈትቼ ለሐኪሙ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ሐኪሙ በውስጡ ስቴሮይድ ሳይኖርበት እንደማይቀር ነገረኝ፤ በድንገት ቢያቋርጡት ሰውነት ሊዝል፣ ከዚያም አልፎ ለሞት ሊያደርስ ስለሚችል ቀስ በቀስ እንዲቀንሱ አደረጋቸው። ይህ በእኛ አገር ብቻ የሚደረግ ማታለል አይደለም። በ2022 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለመገጣጠሚያ ሕመም ይሸጥ የነበረውን «አርትሪ ኪንግ» መርምሮ በማሸጊያው ላይ ያልተጻፈ ዴክሳሜታዞንና ዲክሎፌናክ አግኝቶበታል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ መድኃኒቱን የደበቀም እንደዚያው ነው።

ታዲያ ምን እንመልስላቸው? በማስረጃ የተደገፈው ምክር ዋጋው ርካሽ ነው። ከወንበር ላይ ተቀምጦ አንዱን እግር ቀጥ አድርጎ መዘርጋት፣ አምስት እስኪቈጠር ማቈየትና ቀስ ብሎ ማውረድ የጭን ጡንቻን ያጠነክራል፤ ጠንካራ ጭንም የጉልበትን ሸክም ይካፈላል። በየቀኑ ጥቂት መራመድ ልም አጥንቱን አይጨርሰውም፤ የሚጐዳው ሁልጊዜ መቀመጥ ነው። ወፍራም ሰው አንድ ኪሎ ሲቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበቱ ላይ የሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ያህል ይቀንሳል። ምርኩዝ የሚያዘውም ከታመመው ጉልበት በተቃራኒው እጅ ነው፤ ብዙ ሰው ግን በሚያመው በኩል ይይዛል። እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉት ክኒኖች ጨጓራን ሊያደሙ፣ ኵላሊትን ሊጐዱና ደም ግፊትን ሊጨምሩ ስለሚችሉ፣ ይልቁንም ጿሚ የሆኑ አዛውንት ሐኪም ሳያማክሩ ባይወስዷቸው ይሻላል። በቅባት መልክ የሚታሸው ዲክሎፌናክ ጉዳቱ ያነሰ ነው።

በመጪው ዕረፍት ያ ጠርሙስ ከትራስ ሥር ሲወጣ እንግዲህ አንሳቅ። ማን እንደ ሸጠላቸው፣ ስንት ጊዜ እንደሚወስዱትና ሌላ ምን እንደሚጨምሩበት በአክብሮት እንጠይቅ፤ ከዚያም ጠርሙሱን ይዘን አብረን ወደ ሐኪም እንሂድ። አያቴ ዛሬ በምርኩዛቸው ይሄዳሉ፤ ጉልበታቸው አልዳነም። የሚውጡትን ግን ከእኔም ከሐኪማቸውም አይደብቁም።