የነርስነት ትምህርት ከቢቸናና ከሞጣ አንጻር

በምሥራቅ ጎጃም፣ ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር በሚገባው መንገድ ግራና ቀኝ የሚኖረው ሕዝብ ሲታመም፣ ከጤና ኬላ አልፎ መጀመሪያ የሚያገኘው ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ ነርስ ነው። ምክንያቱ የአገሪቱ የጤና አደረጃጀት ነው። በመመዘኛው መሠረት ከ3,000 እስከ 5,000 ለሚደርስ ሕዝብ አንድ ጤና ኬላ፣ በገጠር ከ15,000 እስከ 25,000 ለሚሆን ሕዝብ አንድ ጤና ጣቢያ፣ ከ60,000 እስከ 100,000 ለሚሆን ሕዝብ ደግሞ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ይመደባል። ጤና ኬላውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሲመሩት፣ በጤና ጣቢያውና በሆስፒታሉ ቀንና ሌሊት ከበሽተኛው አጠገብ የሚገኙት ነርሶች ናቸው፤ ስለዚህም ነርስ ምን ተምሮ፣ የትስ ተለማምዶ ወደ ሥራ እንደሚገባ ማወቅ ለአካባቢው ነዋሪ ሁሉ ይጠቅማል።

ከቢቸና ወይም ከሞጣ 12ኛ ክፍልን ያጠናቀቀ ወጣት ወደ ሙያው የሚገባው በሁለት በር ነው። አንደኛው፣ በተለምዶ ዲፕሎማ የሚባለው የደረጃ አራት ሥልጠና ሲሆን፣ እንደ ደብረ ማርቆስ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ባሉ የአማራ ክልል ተቋማትና በግል ኮሌጆች ይሰጣል፤ የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና እስከቀረበት ጊዜ ድረስ ተማሪዎች ከ10ኛ ክፍል በቀጥታ ይገቡበት ነበር። ሁለተኛው፣ በደብረ ማርቆስ፣ በባሕር ዳርና በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጠው የአራት ዓመት የዲግሪ ትምህርት ነው።

የዲግሪ ተማሪው የመጀመሪያውን ዓመት በአጠቃላይ ትምህርቶች ካሳለፈ በኋላ ስለ ሰውነት ክፍሎች አቀማመጥና አሠራር፣ ስለ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን፣ ስለ መድኃኒቶች ባሕርይና በሰውነት ውስጥ ስለሚሠሩት ሥራ ይማራል፤ ከዚያም ወደ ውስጥ ደዌና ቀዶ ሕክምና፣ ወደ ሕፃናት፣ ወደ እናቶች፣ ወደ አእምሮና ወደ ኅብረተሰብ ጤና ይሸጋገራል። ሁሉንም የሚያስተሳስረው ግን የነርሲንግ ሂደት የሚባለው አሠራር ነው። ይኸውም በሽተኛውን ጠይቆና መርምሮ መረጃ መሰብሰብ፣ ከመረጃው ተነሥቶ ችግሩን መለየት፣ ለእንክብካቤው ዕቅድ ማውጣት፣ ዕቅዱን መፈጸም፣ በመጨረሻም በሽተኛው መሻሉን ወይም አለመሻሉን መመዘን ነው። ይህን የለመደ ነርስ ትእዛዝ ተቀብሎ መርፌ ከመውጋት አልፎ፣ በሽተኛው ላይ የሚታየውን ለውጥ በጊዜ ያስተውላል።

የእጅ ሥራው የሚጀመረው ስኪል ላብ በሚባለው የመለማመጃ ክፍል ሲሆን፣ ተማሪው በሰው ቅርጽ አሻንጉሊት ላይ ካኑላ ማስገባትን፣ ቁስል ማጠብንና ትንፋሽ ያጠረውን ሕፃን መርዳትን ይለማመዳል። ከሚለማመዳቸው ነገሮች ውስጥ ቀላል የሚመስለው የግሉኮስ ጠብታ ስሌት ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ማየት ይጠቅማል። አንድ ሊትር ፈሳሽ በ8 ሰዓት ውስጥ እንዲገባ ቢታዘዝና ቱቦው አንድ ሚሊ ሊትሩን በ20 ጠብታ የሚያወርድ ቢሆን፣ 1,000 ሚሊ ሊትሩ 20,000 ጠብታ ይሆናል፤ 8 ሰዓት 480 ደቂቃ ስለሆነ በየደቂቃው 42 ያህል ጠብታ መውረድ አለበት። ፈሳሹን በራሱ የሚቆጣጠር ማሽን በሌለበት ክፍል ነርሷ ሰዓቷን እያየች ጠብታውን ትቆጥራለች፣ የቱቦውን መቆጣጠሪያም እያጠበቀችና እያላላች ታስተካክላለች። ልቡ ወይም ኩላሊቱ በደከመ በሽተኛ ላይ ፈሳሹ ከፈጠነ ሳንባው ውኃ ሊቋጥር ይችላል፤ ለሕፃን ደግሞ መጠኑ የሚሰላው በኪሎው ስለሆነ ክብደቱን ሳይመዝኑ መድኃኒት መስጠት አደገኛ ነው።

ከመለማመጃ ክፍሉ የወጣ ተማሪ ወደ ሆስፒታል ይመደብና በአሠልጣኝ ነርስ ሥር ሆኖ ዱቲ ይገባል፣ ካርድ ይጽፋል፣ ተረኛ ሲቀያየር የእያንዳንዱን በሽተኛ ሁኔታ ያስረክባል። የገጠር ገበሬ «ምች መታኝ» ብሎ ሲመጣ ከመቼ ጀምሮ፣ ትኩሳቱ እየለቀቀ ይነሣ እንደሆነ፣ ወደ ቆላ ወርዶ እንደነበር ጠይቆ ወባን መጠርጠር የሚለመደውም እዚህ ነው። ሆኖም የልምምዱ ሰፊ ክፍል በትልልቅ ሆስፒታሎች ብቻ ሲያልፍ አንድ ጉድለት ይፈጠራል። በትልቅ ሆስፒታል ስፔሻሊስቱ ቅርብ ነው፣ ላቦራቶሪውም ሰፊ ነው፤ ተመራቂው በሚመደብበት ጤና ጣቢያ ግን ሌሊት ምጥ የጠናባትን እናት ወደ ሆስፒታል ልላክ ወይስ ላቆይ የሚለውን ውሳኔ ከአንድ ሁለት ባልደረቦቹ ጋር የሚወስነው ራሱ ነው። ይህን ውሳኔ ቀድሞ ያልተለማመደ ሰው ዲግሪ ስለያዘ ብቻ አይችለውም።

ይህ ችግር በኢትዮጵያ ቀደም ሲልም ታስቦበት ነበር፤ የነርስ ትምህርቱ ራሱ ግን ዘግይቶ የመጣ ነው። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን ለንደን በሕፃናት ሆስፒታል በነርስነት ሠልጥነው፣ ከነፃነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. ነቀምት ላይ ሲያርፉ፣ አገሪቱ ገና የነርስ ትምህርት ቤቶቿን አላቋቋመችም ነበር፤ ከዚያ በኋላም የገጠሩን ሕዝብ ያክሙ ከነበሩት መካከል ሽማግሌዎች ዛሬም የሚያስታውሷቸው፣ ድሬሰር የተባሉ የሕክምና ረዳቶች ይገኙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አንድ ላይ እያስተማረ፣ በቡድን አድርጎ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ይልካቸው ነበር። የቡድን ሥልጠና የተባለው ይህ ዘዴ ባለሙያው በሚያገለግልበት ዓይነት ቦታ እንዲማር ስላደረገ፣ ለምሥራቅ ጎጃምም የሚስማማ ነው ማለት ይቻላል።

ዛሬ ተማሪውን የሚጠብቁት ፈተናዎች በዝተዋል። የደረጃ አራቱ ሠልጣኝ ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምዘና ያልፋል፤ የዲግሪው ተማሪ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመመረቅ በመውጫ ፈተናው ቢያንስ 50 ከመቶ ማግኘት አለበት፤ ከዚያም በ2011 ዓ.ም. የተጀመረውን የጤና ባለሙያዎች የሙያ ፈቃድ ፈተና ይወስዳል። ፈተናዎቹ ተገቢ ናቸው፤ ነገር ግን የመውጫውና የሙያ ፈቃዱ ፈተናዎች በዋናነት የሚመዝኑት ዕውቀትን ስለሆነ፣ የደም ሥር ማግኘትንም ሆነ የደነገጠ ቤተሰብን ማረጋጋትን አይለኩም። በዚያ ላይ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ የዘለቀው ግጭት መንገዱን በየጊዜው እየዘጋ ትምህርቱን አስተጓጉሏል። እንዲህ ባለ ጊዜ በቢቸናና በሞጣ ሆስፒታሎች የሚሠሩ ልምድ ያላቸው ነርሶች በአሠልጣኝነት ሠልጥነው ለዚህ ሥራቸው አበል ቢከፈላቸው፣ ለተማሪዎቹም ማደሪያና ጥቂት መጻሕፍት ቢዘጋጁ፣ ከአካባቢው የወጣው ወጣት ከልምምዱ ቢያንስ አንዱን ወቅት ተመልሶ ሊያገለግለው ከሚችለው ሕዝብ መካከል ሆኖ ይማራል።