ጥብሱ ቢያንስም ገበታው አይጥበብ

ባለፈው ረመዷን ከመራዊ ጀመዓችን አንድ አባወራ ለኢፍጣር በተጠራ ቁጥር ሰበብ ያበዛ ነበር። አንድ ቀን "አሞኛል"፣ ሌላ ቀን "እንግዳ አለብኝ" ይለናል። ምክንያቱ የገባን ዘግይቶ ነው፤ መልሶ የሚጋብዝበት ስለሌለው አፍሮ ነበር የሚቀረው። ጥፋቱ የእኛ ነው። ገበታችን ላይ ሥጋ ባበዛን ቁጥር እሱ የማይመልሰውን ብድር ይቆጥር ነበር።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለሁለት ሰው የተሠራ ምግብ ሦስተኛውንም እንደሚበቃ አስተምረውናል። አቡ ዘርንም መረቅ ሲሠራ ውኃውን አብዝቶ ጎረቤቱን እንዲያስብ መክረውታል። ሥጋ ጨምር አላሉትም።

ስለዚህ ለዘንድሮው ዒድ አምስት ቤተሰብ ሆነን አንድ ፍየል በቅርጫ ልንካፈል ተስማምተናል። እያንዳንዱ እንደ አቅሙ ያዋጣል፤ ማን ስንት እንደሰጠ አይነገርም። ተበድሮ ማዋጣት ግን አይፈቀድም።

ጥብሱም የራሱ ዘዴ አለው። ከሰሉ ነበልባሉ ጠፍቶ ፍሙ ነጭ አመድ እስኪለብስ እንታገሣለን። ጉበትና ኩላሊት ስለማይቆዩ ቀድመው ይጠበሳሉ። ጎድኑ በሎሚ፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ታሽቶ ካደረ በኋላ በትንንሹ ተቆርጦ ፍሙ ላይ ይወጣል። አጥንቱ ለማግስቱ ሾርባ ይሆናል። ገበታውን የሚሞላው ግን የቆጋ መስኖ ድንችና ሽንኩርት ነው፤ ከነልጣጩ ፍም ውስጥ ይቀበራል፣ በሚጥሚጣና በጨው ይበላል።

በእነዚህ ዓመታት ረመዷንና ዓቢይ ጾም እየተገናኙ ነው። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ዒዳችንን ሊጠይቁ ሲመጡ ጾመኞች ናቸው። ስለዚህ ለእነሱ የሚሆነው ድንች ሥጋ ባልነካው ሌላ ማንደጃ ላይ ይጠበሳል።

ውድ ቤተሰቦች፣ ከፍየሉ በፊት ግን ዘካተል ፊጥር ይቅደም። በእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ስም አንድ ሷዕ፣ ማለትም ከሁለት ኪሎ ተኩል እስከ ሦስት ኪሎ እህል፣ ከዒድ ሶላት በፊት ለሚስኪኖች ይድረስ። የእኛ ጥብስ ሲሸት የሌላው ምጣድ ቀዝቅዞ እንዳይውል።

ያ አባወራ ዘንድሮም ተጠርቷል። ሰበብ አላቀረበም፤ "ከሰሉን እኔ አመጣለሁ" ብሎናል።

አላህ ጾማችሁን ይቀበላችሁ።