የኢንተርኔት ችርቻሮ በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት (አዲስ አበባ)

የኢንተርኔት ችርቻሮ ማለት ገዢው ወደ ሱቅ ሳይሄድ በስልክ ወይም በኮምፒውተር ዕቃ መርጦ የሚያዝበትና ዕቃው ካለበት ድረስ የሚመጣለት የንግድ ዓይነት ነው። በአዲስ አበባ ከኮሮና ወረርሽኝ በፊትም ይሠራበት ነበር። በ2012 ዓ.ም. ግን ደንበኛ ለቀነሰባቸው ትንንሽ ሱቆች ሥራቸውን ለመቀጠል ከነበሯቸው ጥቂት መንገዶች አንዱ ሆነ። ከዚህ በታች የቀረበው በተለይ የአራዳንና የፒያሳን፣ ከዚያም ውስጥ የዶሮ ማነቂያን ሁኔታ መሠረት ያደርጋል።

የአካባቢው ንግድ

አራዳ የአዲስ አበባ የመጀመሪያው ትልቅ ገበያ የነበረበት ስፍራ ነው። ገበያው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም ነበር፤ በጣልያን ወረራ ዘመን ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ቦታ ተዛወረ። ፒያሳ ከዚያ በኋላም በወርቅ ቤቶች፣ በልብስና በጫማ መደብሮች፣ በኬክ ቤቶችና በቡና ቤቶች ይታወቃል። ዶሮ ማነቂያ ደግሞ ስሙ የሚነሳው በሥጋ ቤቶቹና በምግብ ቤቶቹ ነበር። ሁሉም ገቢያቸው የሚመጣው በእግሩ ከሚያልፈው ሰው ነው። መንገደኛው ሲቀንስ ኪራይና ደመወዝ ግን አይቀንሱም።

የወረርሽኙ ጫና

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብና መጨባበጥ ተከለከለ፤ የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎችም ከመደበኛው ግማሽ ያህል ሰው ብቻ እንዲጭኑ ተደረገ። እንደ ብዙ አገሮች ሙሉ በሙሉ ከቤት አለመውጣት አልታዘዘም። ስለዚህ አብዛኛው ሱቅ ክፍት ነበር፤ የጠፋው ደንበኛው ነው።

ወቅቱ ዐቢይ ጾም ስለነበር የሥጋ ቤቶች ጉዳት የተለየ ነበር። በጾሙ ሥራ ፈትተው የሚጠብቁት ፋሲካን ነው። የዚያ ዓመት ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 11 ቀን፣ አዋጁ በወጣ በ11ኛው ቀን ነበር።

የሌላ አገር ልምድ

በ2003 እ.ኤ.አ. ሳርስ የተባለው በሽታ ቻይናን ሲያውክ፣ በቤይጂንግ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሱቆች የነበሩት ሊዩ ቺያንግዶንግ ሱቆቻቸውን ዘግተው በኢንተርኔት መሸጥ ጀመሩ። ይህ ሥራ ኋላ ጄዲ የተባለው ግዙፍ የንግድ ድርጅት ሆነ። ታኦባኦ የተባለው የአሊባባ የገበያ ድረ ገጽም የተከፈተው በዚያው ዓመት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤ ከተመረጡ አገሮች ባሰባሰበው መረጃ መሠረት፣ ከጠቅላላው ችርቻሮ ውስጥ የኢንተርኔቱ ድርሻ በ2020 እ.ኤ.አ. ከ16 ወደ 19 በመቶ አድጓል።

የአሠራሩ ደረጃዎች

አንድ ትንሽ ሱቅ ሥራውን ለመጀመር የራሱ ድረ ገጽ አያስፈልገውም። በአዲስ አበባ የተለመደው አሠራር የሚከተለውን ይመስላል፦

1. ዕቃን መምረጥ፦ ሳይነካ ሊገዛ የሚችል ዕቃ ይቀድማል። የታሸገ ምግብ፣ የተቆላ ቡና፣ መጽሐፍና የስልክ መለዋወጫ ቀላል ናቸው። ጫማ የቁጥር ችግር አለበት። ወርቅ ገዢው ፊት ካልተመዘነ አመኔታ ስለማያገኝ፣ በኢንተርኔት ማሳየትና በቀጠሮ ሱቅ ውስጥ መሸጥ ይሻላል። ሥጋ ደግሞ ቶሎ ስለሚበላሽ በትእዛዝ ተቆርጦ ወዲያው መላክ አለበት።

2. ማሳየት፦ ብዙ ነጋዴዎች የቴሌግራም ቻናል ወይም የፌስቡክ ገጽ ይከፍታሉ። ፎቶው የዕቃው የራሱ መሆን አለበት። ዋጋ፣ መጠን፣ ቀለምና ስልክ ቁጥር አብሮ ይጻፋል። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚል ማስታወቂያ ብዙ ገዢ ያባርራል።

3. መመዝገብ፦ የተሸጠ ዕቃ ከቻናሉ ወዲያው ካልተነሳ ሁለት ሰው ለአንድ ዕቃ ይከፍላል። ለዚህ አንድ ደብተር ወይም የኮምፒውተር ሠንጠረዥ ይበቃል።

4. ማድረስ፦ አብዛኛው የከተማው ቤት በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር አይገኝም። ስለዚህ «ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ» የሚል ዓይነት ምልክትና የተቀባዩ ስልክ ያስፈልጋል። የማድረሻ ዋጋ አስቀድሞ በርቀት ተወስኖ ሊነገር ይገባል።

5. መመለስ፦ ዕቃው ከፎቶው ከተለየ እስከ መቼ እንደሚመለስና የመላኪያውን ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ ይጻፋል።

ክፍያና ሕግ

በወረርሽኙ መጀመሪያ እንደ ሲቢኢ ብርና አሞሌ ያሉ የስልክ ክፍያዎች ነበሩ። ሆኖም ዕቃ ሲደርስ በጥሬ ገንዘብ መክፈል የተለመደ ነበር፤ ይህም ንክኪውን ሙሉ በሙሉ አላስቀረውም። በዚያው ዓመት የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ወጣ፤ በኤሌክትሮኒክ መልእክት የሚደረግ ውልም ሕጋዊ እውቅና አገኘ። የኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው።

ችግሮች

ትልቁ ችግር የኢንተርኔት መቋረጥ ነው። ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ፣ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት ከሁለት ሳምንት በላይ ተዘግቶ ቆይቷል። ትእዛዝ በቴሌግራም ብቻ ይቀበል የነበረ ሱቅ በእነዚያ ቀናት ደንበኛውን የሚያገኝበት መንገድ አልነበረውም። ስለዚህ የደንበኞችን ስልክ ቁጥር ለብቻው መዝግቦ መያዝና በጥሪና በአጭር መልእክት መሥራት መቻል ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ማጭበርበር ነው። የተቀነባበረ የክፍያ ማረጋገጫ ፎቶ ልኮ ዕቃ መውሰድ ይቻላል። ሻጩ ዕቃውን መልቀቅ ያለበት ገንዘቡ በራሱ ሂሳብ መግባቱን ካየ በኋላ ብቻ ነው። ገዢውም በማያውቀው ቻናል ቅድሚያ ከፍሎ ባዶ እጁን ሊቀር ስለሚችል፣ የሱቁ አድራሻና ደረሰኝ መኖሩን ማጣራት ይገባዋል።

ከወረርሽኙ በኋላ

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ በተካሄደው የኮሪደር ልማትና መልሶ ማልማት የዶሮ ማነቂያ ብዙ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ነዋሪዎችና ነጋዴዎችም ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተዛውረዋል። በአላፊ አግዳሚ ብቻ የኖረ ሱቅ እንዲህ ባለ ጊዜ ገበያውን አዲስ ቦታ ላይ እንደገና መጀመር ይኖርበታል። በወረርሽኙ ጊዜ የደንበኞቹን ስልክ የመዘገበ ወይም ቻናል የከፈተ ነጋዴ ግን አዲሱን አድራሻውን በአንድ መልእክት ማሳወቅ ይችላል።