ወንበዴ ወይስ ባለፈቃድ? የ1628ቱ የብር ቅፍለት

የታሪክ መምህር ክፍል ገብቶ የአትላንቲክን ንግድ ሲያስተምር አንድ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። «ቲቸር፣ የሰው መርከብ የዘረፈ ሰው ወንበዴ ነው ወይስ ጀግና?» ጥያቄው የልጅ ቢመስልም መልሱ የዋዛ አይደለም። እኛ እዚህ ላይ አንድ ድርጊት ብቻ ይዘን ነገሩን ለማብራራት እንሞክራለን። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በዚያን ጊዜ የስፔን ንጉሥ ፊልጶስ አራተኛ ነበር። የፖርቱጋልም ዘውድ በእጁ ስለነበረ፣ በ1625 ወደ አፄ ሱስንዮስ አገር የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ የዚሁ ንጉሥ ተገዥ ነው። የንጉሡ ጦር በአውሮፓ የሚዋጋው በአሜሪካ ብር ነበር። ብሩ ካልደረሰ ወታደሩ ደመወዝ አያገኝም፤ አበዳሪውም ፊቱን ያዞራል።

ታዲያ ብሩ እንዴት ይጓዝ ነበር? መርከቦች ለየብቻ ቢሄዱ ስለሚያዙ፣ ስፔን ከ1560ዎቹ ጀምሮ የንግድ መርከቦቿን አሰባስባ በጦር መርከብ እያሳጀበች ነበር የምትልከው። የሜክሲኮው ቅፍለት ቬራክሩዝ ላይ ይጭናል፣ ሐቫና ይሰበሰባል፣ ከዚያ ወደ ሴቪያ ይገሰግሳል። አሠራሩ ብልህነት ነበረው፤ ግን መንገዱም ወቅቱም የታወቀ ሆነ። አድፍጦ ለሚጠብቅ ጠላት ከዚህ የተሻለ ምን አለ!

ጠላቱም ነበረ። ሆላንዶች ከስፔን አገዛዝ ለመላቀቅ ከ1568 ጀምሮ ሲዋጉ ቆይተው ለ12 ዓመት የጦርነት ዕረፍት ካደረጉ በኋላ፣ ዕረፍቱ በ1621 አበቃ። በዚያው ዓመት የምዕራብ ህንድ ኩባንያ ተቋቋመ። ይህ ኩባንያ አክሲዮን ሸጦ የጦር መርከብ የሚያሰማራ ድርጅት ነው። መንግሥት የፈቃድ ወረቀት ይሰጠዋል፤ የማረከውን ለባለአክሲዮኖች ያከፋፍላል። እንግዲህ በወንበዴና በባለፈቃዱ መካከል ያለው ልዩነት ይህች ወረቀት ናት። ወረቀቷን ለሰጠው አገር ባሕረኛው ወታደር ነው፤ ለተዘረፈው አገር ግን ያው ሌባ ነው።

የኩባንያው አድሚራል ፒት ሄይን የሚባል ሰው ነበር። በወጣትነቱ በስፔኖች ተይዞ ለአራት ዓመት ያህል በመርከባቸው ላይ እንደ ባሪያ መቅዘፊያ ጎትቷል። መስከረም 1628 ላይ 31 መርከብ ይዞ ኩባ አጠገብ አደፈጠ። የስፔኑ አዛዥ ሁዋን ደ ቤናቪዴስ ሐቫና መግባት ሲያቅተው ወደ ማታንዛስ ወሽመጥ ሸሸ። እዚያ ውሃው ጥልቀት አልነበረውምና ትልልቆቹ መርከቦች ደለል ላይ ተቀመጡ። ሆላንዶች በጀልባ ቀርበው ጥቂት ተኩስ ተኮሱ፤ ነገሩ አለቀ። ማታንዛስ በስፓንኛ እርድ ማለት ነው፤ የዚያን ቀን ግን ያን ያህል ደም አልፈሰሰም። ቤናቪዴስ ወደ የብስ ወጥቶ አመለጠ።

የተገኘው ሀብት 11 ሚሊዮን ጊልደር አለፈ። አብዛኛው ብር ነው፤ ግን ቆዳ፣ ኢንዲጎ የሚባለው ሰማያዊ ቀለም፣ ኮቺኒልም ነበረበት። ኮቺኒል ምን መሰላችሁ? ቁልቋል ላይ የሚኖር ጥቃቅን ነፍሳት ነው። የሜክሲኮ ነባር ገበሬዎች አንድ በአንድ እየለቀሙ ያደርቁታል፤ ሲፈጭ ደማቅ ቀይ ቀለም ይሆናል። ለአንድ ፓውንድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነፍሳት ያስፈልጋል። የአውሮፓ መሳፍንትና ጳጳሳት የሚለብሱት ቀይ ልብስ በዚህ ይነከር ነበር። ብሩም ቢሆን ከሳካቴካስና ከመሳሰሉት ማዕድናት በብዙ ላብ የወጣ፣ ከድንጋዩ የተለየውም በመርዛማው ባዝቃ ነው። የመርከቡን ታሪክ የሚጽፉ ብዙዎች ይህን ይዘሉታል። እኛ ግን ትምህርቱ ከዚህ ቢጀምር እንመርጣለን፤ መርከቡ ከመዘረፉ በፊት ዕቃው አንድ ጊዜ ተዘርፏልና።

ክፍፍሉስ? ባለአክሲዮኖች 50 በመቶ የትርፍ ድርሻ ተከፈላቸው። ሄይን ወደ 7,000 ጊልደር አገኘ። መርከበኞቹ የደረሳቸው የ17 ወር ደመወዝ ያህል ነው። ብሩን በእጃቸው የተሸከሙት እነሱ ናቸው እኮ! ማዕድን ቆፋሪውና ነፍሳት ለቃሚው ከነጭራሹ በሂሳቡ ውስጥ የሉም።

ሄይን በ1629 ከደንከርክ ባለፈቃዶች ጋር ባሕር ላይ ሲዋጋ ተገደለ። እነሱም ወረቀት ነበራቸው፤ የእነሱን የሰጠው የስፔን ወገን ነው። ቤናቪዴስን ንጉሡ አስፈርዶበት በ1634 ሴቪያ ውስጥ ተሰየፈ። ለሄይን ደግሞ የሆላንድ ልጆች እስከ ዛሬ የሚያውቁት መዝሙር ተዘጋጅቶለታል፤ በተወለደበት ደልፍስሃፈንም ሐውልቱ ከ1870 ጀምሮ ቆሟል።

ኩባንያውም ከድርሻ የተረፈውን ገንዘብ ይዞ ዝም አላለም። በ1630 የብራዚልን ፐርናምቡኮ ያዘ፤ የስኳር አገር ነው። ስኳሩን የሚያለማ ሰው አስፈለገ። ስለዚህ በ1637 ዛሬ ጋና በምትባለው አገር ጠረፍ ላይ ያለውን የኤልሚና ምሽግ ከፖርቱጋሎች ነጠቀና አፍሪካውያንን ገዝቶ ወደ ብራዚል መጫን ጀመረ። ለዚህም ፈቃድ ነበረው።