ያውቁ ኖሯል? ከዲማ ጎጆ እስከ ፈተና አዳራሽ

ያውቁ ኖሯል? አንድ የ17 ዓመት አሜሪካዊ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1964 ለሳይንስ ትርኢት ብሎ 264 ሰዓት ሳይተኛ ቆየ! 11 ቀን መሆኑ ነው! በመጨረሻው ቀን ከ100 ላይ ሰባት ሰባት እየቀነስክ ውረድ ተባለ። 65 ላይ ሲደርስ ዝም አለ። ምነው ቢሉት፣ ምን እየሠራ እንደነበር ረስቶታል!

እርስዎስ? ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነስተው እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ዓይንዎን ካልከደኑ፣ ንቃትዎ ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይተካከላል! እስኪነጋ ከቀጠሉ 0.10 ይደርሳል! ጠላ ሳይቀምሱ፣ አረቄ ሳያሸቱ ሰከሩ ማለት ነው! ያን ያህል ጠጥቶ መኪና መንዳት በብዙ አገር ያስቀጣል፤ ፊዚክስ መፈተንን ግን እስካሁን ማንም አልከለከለም!

ሌሊትን ለትምህርት ማዋል ግን አዲስ አይደለም! በጎጃም፣ ከቢቸና ብዙ ሳይርቅ ዲማ ጊዮርጊስ የሚባል ደብር አለ። እዚያ እንደ ሌሎቹ የአብነት ትምህርት ቤቶች ሁሉ፣ ትምህርት በጨለማ ይሰጣል! አዎ፣ በጨለማ! ንባብ ቀን በብርሃን፣ የቃል ትምህርት ሌሊት ያለ መብራት! መብራት ኃይል ቢኖር ባይኖር ማን ግድ አለው!

ዳዊት የሚማር ልጅ አንዱን መዝሙር አንዴ አንብቦ አያልፍም! መጀመሪያ በቁጥር፣ ቀጥሎ በግእዝ፣ ከዚያ በውርድ፣ በመጨረሻ በቁም ንባብ ይመላለስበታል! አንድ ገጽ፣ አራት ዙር፣ አራት ዓይነት አነባበብ! መዝሙሮቹ ደግሞ 150 ናቸው! ዛሬ «ክለሳን በቀናት ከፋፍሉት» የሚሉ አማካሪዎች ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ይሆን?

የኔታ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አንዱ ፊደል፣ አንዱ አቡጊዳ፣ አንዱ ዳዊት በአንድ ጊዜ ሲጮሁባቸው፣ የተሳሳተውን ለይተው ያርማሉ! በአንድ ጊዜ! ያለ ማይክሮፎን!

አሁን ወደ ቅኔው! ተማሪው ማልዶ ብቻውን ወደ ጫካ ወይም ወደ ወንዝ ዳር ይወጣል። ሥራው ምንድን ነው? ቅኔ መቁጠር! ወረቀት አልያዘም፣ ቀለም አልያዘም። ሁሉም በጭንቅላት ነው! ሲጀምር ሁለት ቤት ያላት ጉባኤ ቃና፣ ቀጥሎ ሦስት ቤት ያለው ዘአምላኪየ፣ እያለ እያለ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል! ከዚያ ተመልሶ መምህሩ ፊት ይቆማል። ትናንት ያሰማውን ዛሬ መድገም ነውር ነው! የባልንጀራን ቅኔ ማምጣትማ አይነሳም! በየቀኑ ፈተና፣ በየቀኑ አዲስ መልስ! ኩረጃ በየት በኩል ይግባ?

ይህ ሁሉ በምን ስንቅ? በቁራሽ! ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ ይዞራል! የመንደሩ ውሻ ደግሞ ግእዝ አይሰማም! ስለዚህ ዱላም መያዝ ግድ ነው!

እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ያውቋቸው ኖሯል? ጎጃሜ፣ ሴት፣ ዓይነ ስውር፤ የቅኔ መምህርም ነበሩ! ቅኔውን ከአባታቸው ተማሩ፣ ከዚያ ወንበር ዘርግተው ወንዶቹን አስተማሩ! አንድ ፊደል ሳያዩ! «ደብተሬ ጠፋብኝ» ብሎ ፈተና የወደቀ ተማሪ እዚህ ላይ ትንሽ ቢያፍር አይከፋም።

ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም በዚሁ መንገድ አልፈዋል! ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅ፣ ዲማ! ሦስቱም ጎጃም ናቸው፤ ደብረ ወርቅንማ ከቢቸና ወደ ሞጣ ሲሄዱ መንገድዎ ላይ ያገኙታል። ያ የቆሎ ተማሪ ኋላ የትምህርት ሚኒስትር ሆነ! በ1958 ዓ.ም. በታተመው ልብ ወለዳቸው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ፍቅረኞቹ በዛብህና ሰብለ ወንጌል የሚገናኙት የት ይመስልዎታል? ዲማ! የሚያገናኛቸውስ? ትምህርት! እሱ መምህር፣ እሷ ተማሪ! ውጤቱ ምን እንደሆነ አንባቢ ያውቀዋል።

አእምሮ ይከፍታል ተብሎ በድብቅ የሚጠጣ ቅጠልም ነበር፤ አብሾ! ጠጥቶ የበራለት አለ ይባላል። ጠጥቶ ያበደ ግን በእርግጥ አለ! ተክሉ መርዝ ነው! እባክዎ፣ በዚህኛው ላይ ቀልድ የለም፤ አይሞክሩት!

ወደ ሞጣ እንሻገር! ከሞጣ በኩል ወደ አባይ ሲወርዱ ጎጃምን ከበጌምድር ያገናኝ የነበረው ሰባራ ድልድይ አለ፤ የአፄ ፋሲል ዘመን ሥራ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ተቆረጠ! ከዚያ በኋላ ሰዎች ለአሥርት ዓመታት እንዴት ተሻገሩ? ወገባቸውን በገመድ ታስረው፣ ወዲያ ማዶ ያሉ ጎበዞች እየጎተቷቸው! ከሥር አባይ ይፎክራል! ይህን የሚያሳይ ፎቶግራፍ መጽሔት ላይ ያየ አንድ አሜሪካዊ ድልድይ የሚሠራ ድርጅት እስከ ማቋቋም ደረሰ! ለፈተና ሲሄዱ ታክሲ ቆየብኝ ብለው ያማረሩ ካሉ ይህን ያስቡ።

ዛሬም ከገጠር ቀበሌ መጥቶ ቢቸና ወይም ሞጣ ላይ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ስንቁን ራሱ ተሸክሞ ይመጣል! በማዳበሪያ ከረጢት ድርቆሽ፣ በፌስታል ሽሮ፣ በጣሳ በሶ! አንዲት የጭቃ ክፍል ለሦስት! አንድ መደብ፣ አንድ ባትሪ፣ ግድግዳው ላይ በሊጥ የተለጠፈ የኬሚስትሪ ሰንጠረዥ! ምግብ በተራ ይበስላል፤ ባለተራው በአንድ እጁ ማማሰያ፣ በሌላው ባዮሎጂ ይዟል! ወጡ አረረ? እንግዲያው ባዮሎጂው ገብቶታል! ስንቅ ሲያልቅ ደግሞ ቅዳሜ በእግር ወደ ቤተሰብ! ሰዓታት ያለ ደብተር፣ ያለ ወርክሺት! ይህ ትልቅ የአእምሮ ዕረፍት መሆኑን ለልጁ የነገረው የለም፤ እሱ የሚያስበው እንጀራውን ነው!

እንጀራስ ቢያስብ ምን ያስገርማል! አእምሯችን ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ከምንበላው ጉልበት ግን 20 በመቶ ገደማውን ብቻውን ይጨርሳል! ተቀምጦ የሚያጠና ልጅ «ራበኝ» ሲል አይቆጡት!

አንድ ጀርመናዊ ሊቅ ትርጉም የሌላቸውን ቃላት ራሱ እየሸመደደ፣ ራሱን እየፈተነ ዓመታት ፈጀ! እ.ኤ.አ. በ1885 ያወጣው ውጤት ምን ይላል? ከሸመደዱት ከግማሽ በላዩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይበናል! ቸካዮች፣ ሰምታችኋል?

ይሄኛው ይብሳል! አንዱ ቡድን አንድ ጽሑፍ ደጋግሞ አነበበ፤ ሌላው አንዴ አንብቦ ከዚያ ሳያይ በቃሉ ሞከረ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግሞ ያነበበው በለጠ! ከሳምንት በኋላስ? አንባቢው 40 በመቶ፣ ሳያይ የሞከረው 61 በመቶ! ዲማ ላይ ይህን ቢናገሩ ማንም ቀና ብሎ አያይዎትም፤ መምህሩ ፊት ቆሞ በቃል ማሰማት ሌላ ምንድን ነው?

የሒሳብ ጥያቄ እንዴት ያጠናሉ? አንዱን ዓይነት ጨርሰው ወደ ሌላው? ተሸወዱ! እንዲህ ያጠኑ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ 20 በመቶ ሲያመጡ፣ ዓይነቶቹን ቀላቅለው የሠሩት 63 በመቶ አመጡ! አስቂኙ ነገር፣ በልምምዱ ጊዜ ቀላቃዮቹ ሲሳሳቱ ነበር የዋሉት!

ከምሽቱ 2 ሰዓት የጠጡት ቡና ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ግማሽ ያህሉ ገና ደምዎ ውስጥ አለ! አቦል ጠጥተው ለተኙ፣ በረካው ሌሊት ደረሰ ማለት ነው!

ጫትም ያው ነው፤ የሚያባርረው እንቅልፍን እንጂ ድካምን አይደለም!

የጠፈር ምርምር ድርጅቱ ናሳ አብራሪዎችን በበረራ መካከል 26 ደቂቃ ሸለብ አደረጋቸው። ሥራቸው 34 በመቶ፣ ንቃታቸው 54 በመቶ ተሻሻለ! አይሮፕላን እያበረሩ ካሸለቡ፣ እርስዎ ከጂኦግራፊ መካከል ቢያሸልቡ ምን አለበት? (አይፍሩ፣ ሌሎቹ አብራሪዎች ነቅተው ነበር!)

አንድ ጣሊያናዊ ተማሪ ማጥናት አቅቶት ከወጥ ቤት የቲማቲም ቅርጽ ያለው የደቂቃ መቁጠሪያ አነሳ! 25 ደቂቃ ጥናት፣ 5 ደቂቃ ዕረፍት! ዛሬ ዓለም ሁሉ በዚያች ቲማቲም ያጠናል!

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በሥራ ብዛት መዛልን ፍቺ ሲሰጠው ከሥራ ቦታ ጋር ብቻ አያያዘው! ተማሪ በፍቺው ውስጥ የለም! ደመወዝ የለህምና አትዝልም እንደ ማለት!

የአገራችንን ማትሪክ ጉድ ደግሞ ይስሙ! ግንቦት 22 ቀን 2008 ዓ.ም. ሩብ ሚሊዮን ያህል ተማሪ ሊፈተን ሲቀመጥ፣ የእንግሊዝኛው ፈተና አስቀድሞ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ወጥቶ ነበር! አገር አቀፉ ፈተና ተሰረዘ! በሐምሌ ማኅበራዊ ድረ ገጾች ተዘጉ። በቀጣዩ ዓመት ፈተና ሲደርስ ጭራሽ ኢንተርኔቱ ተዘጋ! ለተማሪ ፈተና ሲባል አገር ጾመ!

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ደግሞ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ገና ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ ዩኒቨርሲቲ አደረ! ተፈታኞች ከየትምህርት ቤታቸው ተነስተው ግቢ ገቡ፣ ከነአልጋው፣ ከነካፌው! ስልክ ግን ክልክል! ከ896 ሺህ በላይ ተፈታኝ ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ስንት ነበር? 29,909! 3.3 በመቶ! በቀጣዩ ዙር ፈተና 3.2፣ ቀጥሎ 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ! ቁጥሩ ከፍ ብሏል፤ ግን ያኔም ከመቶ ዘጠና በላዩ ወድቋል። ይህ በእንቅልፍና በቲማቲም ብቻ የሚፈታ እንዳልሆነ ማንም ያውቃል።

በአማራ ክልል ደግሞ በግጭት ሳቢያ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ፈተና ላይ መቀመጥ ራሱ ዕድል የሆነበት ዓመት አለ። የሚፈተን ልጅ ያለዎት ይህንንም ያውቁታል።

ፈተናው ምርጫ ነው፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ! ጥያቄውን ሳያነብ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያጠቁር ሰው በአማካይ ከመቶ 25 ያገኛል! ባዶውን የተወው ዜሮ! ስለዚህ ባዶ አይተዉ!

«የመጀመሪያ መልስህን አትንካ» ብለው መክረው ያውቃሉ? ምክሩን ይመልሱ! ተፈታኞች አስበው መልስ ሲቀይሩ በአብዛኛው የሚቀየረው ከስህተት ወደ ትክክል ነው!

ከፈተና በፊት አሥር ደቂቃ ፍርሃታቸውን ወረቀት ላይ የጻፉ ፈሪ ተማሪዎች ውጤታቸው ተሻሻለ! ማጥናት አይደለም፣ «ፈራሁ» ብሎ መጻፍ ብቻ!

ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ተማሪዎች የእንግሊዝኛ ማዳመጥ ፈተና ሲፈተኑ አይሮፕላን አይነሳም፣ አያርፍም! ከግማሽ ሰዓት በላይ ሰማዩ ጸጥ ይላል! የዘገየ ተማሪ ካለ ፖሊስ በሞተር ብስክሌት ያደርሰዋል!

ቻይና ደግሞ ድሮ ተፈታኙን ከጠባብ ክፍል አስገብታ ለቀናት ትቆልፍበት ነበር! በመካከሉ የሞተ እንደሆነ አስከሬኑ በምንጣፍ ተጠቅልሎ በግንቡ ላይ ወደ ውጭ ይወረወር ነበር ይባላል! ያ ሥርዓት ወደ 1,300 ዓመት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1905 ቀረ። ምስጋና ይግባው፣ የእኛ ፈታኝ የሚወስድብን ስልክ ብቻ ነው!

በሉ አሁን ገጹን ይሸፍኑና ከዚህ ሁሉ ስንቱን በቃልዎ መጥራት እንደሚችሉ ይቁጠሩ! ሳያዩ! ከዚያ ይተኙና ነገ ጠዋት እንደገና ይሞክሩት!