«ሲያድግ ይተወዋል» አትበሉ

በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነው፦ «ዶክተር፣ ልጄ ቴሌቪዥን አጥርቶ ያያል፤ ገና አራት ዓመቱ ነው። ምን ያስመረምረዋል?»

አጥርቶ የሚያየው በአንዱ ዓይኑ ብቻ ሊሆን ይችላላ! ሰነፍ ዓይን የምንለው እንዲህ ነው፦ አንዱ ዓይን ብዥ ያለ ምስል ሲልክ አእምሮ እሱን ትቶ በደህናው ማየት ይለምዳል። ልጁ ሌላ ስለማያውቅ አይናገርም። ዓይኑም ሸውራራ ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ወላጅ የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው።

እያጫወታችሁት አንድ ዓይኑን በእጃችሁ ሸፍኑ። ቀኙን ስትሸፍኑ ዝም ብሎ፣ ግራውን ስትሸፍኑ እጃችሁን እየገፋ ከተነጫነጨ ቀኙን ተጠራጠሩ። ባይነጫነጭም ምርመራው አይቀርም።

ፊደል አለመቁጠሩ አያግድም። ከ3 ዓመት ገደማ ጀምሮ ዓይኖቹን በየተራ ሸፍነን በስዕል እንለካለን።

ሕክምናው መነጽር ነው፤ ካልበቃ ደህናውን ዓይን በቀን ለተወሰነ ሰዓት መሸፈን፤ መካከለኛ ለሆነው ብዙ ጊዜ 2 ሰዓት ይበቃል። ከ7 ዓመት በፊት ሲጀመር ውጤቱ ይሻላል። «መነጽር ዓይን ያሰንፋል» የሚባለው ተራ ወሬ ነው።

ብሌኑ ላይ ነጭ ነገር ካያችሁ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ሌላ ጥያቄ ያላችሁ ከታች ጻፉልኝ።