የናፍጣ ሞተር መርጫ በደጋ አገር

በላስታ ደጋ የወፍጮ ሞተር ሲቆም የመፍጨቱ ድካም በሴቶች ላይ ይመለሳል። የሞተሩም ጤንነት በናፍጣ መርጫው፣ ማለት በኢንጄክተሩ ነው። በመርጫው ውስጥ ያለችውን መርፌ ጠንካራ ሞላ ይጫናታል፤ ፓምፑ ናፍጣውን ከ100 የአየር ግፊት በሚበልጥ ኃይል ሲገፋው መርፌዋ ትነሣለች፤ ናፍጣውም እንደ ጉም በንኖ ይገባና በታመቀው አየር ግለት ይነዳል። መርፌዋ ወዲያው ካልከደነች ናፍጣው ይንጠባጠባል፤ ሞተሩም ይጎዳል።

ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ስለ ሆነ አየሩ ከባሕር ዳር አየር አምስተኛ እጅ ያህል ይሳሳል፤ ለቆላ የተመጠነው ናፍጣም በዚያ ይበዛበታልና ጥቁር ጢስ ያወጣል። ስለዚህ ባለወፍጮ ሁሉ ናፍጣውን አጥልሎ እንዲቀዳ፣ ልኩን በዐዋቂ እንዲያስተካክል፣ ጢሱ ሲጠቁርም መርጫውን እንዲያስመረምር ሹማምንት ሊያስገነዝቡት ይገባል።